የአያቴ ራዲዮ ቱዩብ ለሄድፎን አምፔ ይሆናል?

ጥያቄ

የምኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቤቴል ነው። ዋሽንግተን ያለው አጎቴ ለፋሲካ ሲመጣ ሁለት ቱዩብ አናቷ ላይ የቆመባት ትንሽ የሄድፎን አምፕሊፋየር ይዞልኝ መጣ። የምትሠራው 24 ቮልት በሚል አዳፕተር ነው፤ ቱዩቦቹ ላይ 6ኤን11 ይላል። ሄድፎኔ ባለ 300 ኦም ነው። የማዳምጠው አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ዘፈን ነው፤ ማሕሙድ አሕመድን፣ ኃይሉ መርጊያን፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ፒያኖ። አጎቴ «ቱዩቡን ቀይሪው፣ ድምፁ ይሞቃል፣ ሌላ ዕቃ ይሆንልሻል» እያለ ልቤን ሰቅሎታል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ አያቴ የተወው የፊሊፕስ ራዲዮ አለ። ከኋላ ስከፍተው አምስት ቱዩብ አገኘሁ፦ ኢሲኤች81፣ ኢኤፍ89፣ ኢቢሲ81፣ ኢኤል84 እና ኢዜድ80። እግራቸውን ብቆጥር ሁሉም እንደኔዎቹ ዘጠኝ ዘጠኝ ናቸው። ምናለሽ ተራ አንድ ሰው ደግሞ 12ኤዩ7 አለኝ ብሎኛል። የትኛውን ልሰካ? ገንዘብ ካወጣሁስ ምን ልግዛ? ልዩነቱ እውነት ይሰማል? በመጨረሻ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል አልፎ አልፎ ቻር ቻር የሚል ነገር አለ። ቱዩቡ አልቆ ይሆን?

ሰ. ከቤቴል

መልስ

ሰ.፣ ከራዲዮው የነቀልሽው ቱዩብ ካለ አሁኑኑ ወደ ቦታው መልሺው። ከአምስቱ አንዱም ላንቺ አምፕ አይሆንም፤ የምናለሽ ተራው 12ኤዩ7ም አይሆንም። ቱዩብ ሲቀይሩ ዕቃ ያቃጠሉ አብዛኞቹ ሰዎች የሚስቱት አንቺ አሁን በቆምሽበት ቦታ ነው፤ ሶኬቱ ውስጥ ከገባ የሚሠራ ይመስላቸዋል።

ባለ ዘጠኝ እግሩ የብርጭቆ መሠረት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋ የጋራ ልክ ነው። ፋብሪካዎቹ ጣቢያ ለሚይዘውም፣ ድምፅ ለሚያጎላውም፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ ለሚለውጠውም ያንኑ ልክ ተጠቀሙ። ስለዚህ ሶኬቱ ማንንም አይመልስም። ዋናው ነገር የትኛው እግር ውስጥ ውስጡን ከምን ጋር እንደተያያዘ ነው።

6ኤን11 ቻይናዎች የሰጡት ስም ነው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ88፣ አሜሪካውያን 6ዲጄ8 የሚሉት ያው ቤተሰብ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ አለ። ከ1 እስከ 3 ያሉት እግሮች የአንዱ ናቸው፣ ከ6 እስከ 8 ያሉት የሌላው፤ 4 እና 5 የማሞቂያው ክር ጫፎች ናቸው፣ 9ኛው በሁለቱ መካከል ያለው መከለያ። አሁን ኢኤል84ን እዚያ ሰክተሽዋል እንበል። አምፕሽ 7ኛው እግር ላይ ግሪድ (የሲግናሉ መግቢያ) አለ ብሎ ደካማውን የሙዚቃ ሲግናል ወደዚያ ይልካል፤ ኢኤል84 ግን 7ኛው ላይ ያለው አኖዱ (መውጫው) ነው። ድምፅ አይወጣም። ይኼ ቀላሉ ነው። የባሰው ማሞቂያው ላይ ይመጣል፦ ያንቺ ቱዩብ ክር ወደ 350 ሚሊ አምፒር ሲበቃው ኢኤል84 760 ይፈልጋል። በዝቅተኛ ቮልት ከሚሠሩት አምፕሊፋየሮች አንዳንዶቹ የሁለቱን ቱዩቦች ክር በተከታታይ ያስሩታል። እንዲህ በታሰረ አምፕ ላይ አንዱን ብቻ ኢኤል84 ብታደርጊው ቮልቴጁ እኩል መከፋፈሉ ይቀራል፤ 6.3 ቮልት የሚበቃው ያንቺ ቱዩብ ከ8 በላይ ይጫንበታል። ክሩ ደምቆ ሲበራ ያምራል፣ ዕድሜው ግን አለቀ ማለት ነው። ኢዜድ80 ጭራሽ ግሪድ የለውም፤ ሥራው ኤሲን ማስተካከል ብቻ ነው።

የአውሮፓውያኑን ቱዩቦች ስም ማንበብ ከቻልሽ ከእንግዲህ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም። የመጀመሪያዋ ፊደል የማሞቂያውን ልክ ትናገራለች፦ «ኢ» ካለች 6.3 ቮልት ነው፤ «ፒ» ካለች ደግሞ ለቴሌቪዥን ተብሎ በ300 ሚሊ አምፒር የሚታሰር። ከዚያ የሚቀጥሉት ፊደላት ውስጥ ያለውን ይነግሩሻል። «ሲ» ትራዮድ፣ «ኤፍ» ፔንቶድ፣ «ኤል» ስፒከር የሚነዳ ጉልበተኛ ፔንቶድ፣ «ቢ» ሁለት ዳዮድ፣ «ዜድ» ኤሲ አስተካካይ። ቁጥሩ በ8 ሲጀምር ባብዛኛው ባለ ዘጠኝ እግር ነው። ኢቢሲ81 እንግዲህ ሁለት ዳዮድና አንድ ትራዮድ ሆነ። ያንቺ አምፕ የሚፈልገው ሁለት «ሲ» ተከታትለው የቆሙበትን ነው፤ አያትሽ ራዲዮ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ የለም።

ስለ ራዲዮው አንድ ነገር ልጨምር። አምስቱም ቱዩብ ካለ ሙሉ ዕቃ ነው፣ የመለዋወጫ ክምር አታድርጊው። ኤፍኤም ባልነበረበት ጊዜ ዓለምን በአጭር ሞገድ ቤት ድረስ የሚያመጣው እሱ ነበር፤ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከየካቲት 1955 ዓ.ም ጀምሮ ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም እስኪወርሰው ድረስ ከአዲስ አበባ ሲያሰራጭ፣ በየቤቱ ከሚያዳምጡት መካከል እንዲህ ካለ ሳጥን ፊት የሚቀመጥ ሞልቶ ነበር። ግን «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብለሽ ግድግዳ ላይ እንዳትሰኪው። ውስጡ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ዲሲ ያፈሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ኢኤል84 ግሪድ የሚወስደው ነው፤ እሱ ሲያፈስ ቱዩቡም ትራንስፎርመሩም አብረው ይነዳሉ። መጀመሪያ ካፓሲተሮቹን የሚቀይር ባለሙያ ይየው።

ይልቅ ላንቺ የሚሆን ነገር ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ኢሲሲ88 ለሙዚቃ ተብሎ አልተሠራም። የቴሌቪዥን ጣቢያ መምረጫ ውስጥ ገብቶ ከአንቴና የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያለ ብዙ ሹክሹክታ እንዲያጎላ የተፈጠረ ነው፤ ድምፅ ወዳዶች ያገኙት ኋላ ነው፣ የወደዱትም በዚያው ጸጥታው ምክንያት ነው። አገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሲጀምር በዓለም ገበያ የነበሩት ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ ባለ ቱዩብ ነበሩ፤ የአውሮፓ ሥሪት በሆኑት መምረጫ ውስጥ ደግሞ ፒሲሲ88 የተለመደ ነው። ፒሲሲ88 ያው የኢሲሲ88 ወንድም ነው፣ የእግሩም አቀማመጥ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ክሩ 7 ቮልት መፈለጉ ነው። 6.3 ሲሰጠው አሥር በመቶ ያህል ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፤ ይኼ ቱዩቦች የሚታገሡት ልክ ነው። በዓለም ገበያ ፒሲሲ88ን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ስለሆነ ዋጋውም ከወንድሙ ያንሳል። እንግዲህ ምናለሽ ተራ ከሄድሽ 12ኤዩ7ቱን ተዪና ፒሲሲ88 እንዳለ ጠይቂ፤ ሰፈር የሚዞረውንም ቆራሌ አስጠንቅቂው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ፒሲ88 የሚባል ሌላ ቱዩብ አለ፣ በአንድ «ሲ» ብቻ የሚለይ። ያ ነጠላ ትራዮድ ነው፣ አይሆንሽም። ቴሌቪዥኑን ራስሽ ከፍተሽ አትንቀዪ። ቴሌቪዥኑ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም የሥዕል ቱቦው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ አምቆ ሊቆይ ይችላል፤ እጅ የሚመታው ቴሌቪዥኑ ሲሠራ ብቻ አይደለም።

12ኤዩ7 ራሱ መጥፎ ቱዩብ አይደለም፤ ለእሱ ተብለው የተሠሩ ብዙ የሄድፎን አምፖች አሉ። ችግሩ 4ኛና 5ኛው እግር መካከል 12.6 ቮልት መፈለጉ ነው፤ ያንቺ ሶኬት የሚሰጠው ግማሹን ነው። በ6.3 ሊሠራ የሚችለው 9ኛው እግር አብሮ ሲታሰር ነው፣ ያንቺ 9ኛ ደግሞ ለመከለያ ነው የተያዘው። ብትሰኪው ፈዞ በርቶ የታመመ ድምፅ ያወጣል። ከሩሲያዎቹም 6ኤን1ፒን ተጠንቀቂ፦ እግሩ አንድ ነው፣ ክሩ ግን 600 ሚሊ አምፒር ይጠጣል። የሚሆንሽ 6ኤን23ፒ ነው። ሁለቱን የሚለየው መካከል ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሻጭም ገዢም ይሳሳታል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ልዩነቱ ይሰማል ወይ?

አጎትሽ ቤቱ ምን ዓይነት አምፕ እንዳለው ጠይቂው። 6080 ወይም 6ኤኤስ7 የሚባሉ ወፋፍራም ቱዩቦች ሄድፎኑን ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ የሚነዱበት ከሆነ የሚናገረው እውነቱን ነው። እዚያ የቱዩቡ የውስጥ ተቃውሞ ሄድፎኑ ዘንድ ይደርሳል። እንዳንቺው ያሉ ባለ 300 ኦም ሄድፎኖች ደግሞ በሁሉም ድምፅ ላይ 300 አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ባሱ አካባቢ፣ በ100 ኸርዝ ገደማ፣ ከ500 ያልፋሉ። አምፑ ተቃውሞው ከፍ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ያብጣል፤ ሰው «ሞቀ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይኼንን እብጠት ነው። ያንቺዋ ግን በ24 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ሳጥን ከሆነች ድብልቅ ናት ማለት ይቻላል። ቱዩቦቹ ቮልቴጁን ያነሡታል፣ ሄድፎኑን የሚገፉት ከበስተኋላ የተደበቁት ትራንዚስተሮች ናቸው። ቱዩብ በቀየርሽ ቁጥር የምትቀይሪው የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ያውም ለሄድፎኑ የማይታየውን ግማሽ። (ከቱዩቦቹ ሥር የሚታየው ብርቱካናማ ብርሃንም ባብዛኛው ከሶኬቱ መካከል የተተከለ ኤልኢዲ ነው። የክሩን እውነተኛ ፍም ማየት ከፈለግሽ መብራት አጥፍተሽ ከጎን ተመልከቺ፤ ከካቶዱ ጫፍ ላይ እንደ ክብሪት እሳት ብቅ ያለች ቀይ ነጥብ ናት።)

ይህ ሲባል ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ኢሲሲ88 በፋብሪካው ሰነድ ላይ የታሰበለት የአኖድ ቮልቴጅ 90 ነው። አምፕሽ ውስጥ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት ከሌለ ከ24 በላይ አያገኝም፤ በእንዲህ ያለ ረሃብ ላይ ደግሞ አንዱ ቱዩብ ከሌላው የሚለይበት ነገር ጎልቶ ይወጣል፣ ዲስቶርሽኑም ይጨምራል። ትራዮድ ሲያዛባ በአብዛኛው የሚጨምረው ሁለተኛ ሃርሞኒክ ነው፤ ማለትም የእያንዳንዱን ድምፅ ኦክታቭ። እማሆይ ብቻቸውን ፒያኖ ሲጫወቱ፣ ወይም ክራር ለብቻው ሲመታ፣ ይህ ጆሮ አይጎረብጥም፤ ከቅኝቱ ጋር አይጣላም፣ ድምፁን ሞላ ያደርገዋል። ሦስት ሳክስፎንና ጥሩምባ፣ ኦርጋን፣ ባስ ጊታር፣ ከበሮና ዘፋኝ በአንዴ ሲመጡ ግን ሌላ ነገር ይከሰታል፦ ድምፆቹ በቱዩቡ ውስጥ እርስ በርስ ተባዝተው በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ አዳዲስ ድምፆች ይፈጥራሉ። ያኔ «ሞቀ» ያልሽው ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ቱዩብ ስትሞክሪ በፒያኖ ብቻ አትፍረጂ፤ የባንድ ሥራም አብረሽ አስገቢ።

ሌላው፣ እኔ ከሁሉ የበለጠ የምጠረጥረው ጉዳይ፣ የድምፅ መጠን ነው። ሁለት ቱዩቦች የማጉላት አቅማቸው ትንሽ ይለያያል፤ አንዱ በአንድ ዲሲቤል ቢበልጥ ጆሮ «ጮኸ» አይልም፣ «ጠራ፣ ጥልቀት አገኘ» ነው የሚለው። መጠኑን ሳያስተካክሉ ማወዳደር ሁለት ጤፍ በሁለት የተለያየ ቁና እየሰፈሩ የቱ ይበልጣል እንደማለት ነው። ማስተካከያው ከባድ አይደለም፤ ተራ መልቲሜትር ይበቃል። በስልክሽ ላይ ባለ 200 ኸርዝ ቀጥ ያለ ድምፅ አጫውቺ፤ ከ400 በላይ አትውጪ፣ ርካሽ መልቲሜትሮች ከዚያ በላይ ይዋሻሉ። ሄድፎኑ እንደተሰካ በማከፋፈያ ገመድ ላይ የኤሲ ቮልቴጁን ለኪ። ግማሽ ቮልት አካባቢ ላይ አቁመሽ ቁጥሩን ጻፊ። ቱዩቡን ከቀየርሽና ከሞቀ በኋላ ድምፅ መቆጣጠሪያውን እያዞርሽ ወደዚያው ቁጥር መልሺው፤ ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ሲደረግ ግማሹ «ተአምር» ይጠፋል።

የቀረው ግማሽ ደግሞ ትዝታ ነው። አንዱን ቱዩብ አጥፍተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ነቅለሽ፣ ሌላውን ሰክተሽ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ያልፋል። ጆሮ የድምፅን ጥቃቅን ልዩነት ለሩብ ሰዓት አይዝም። ከዚህ የተሻለው ዘዴ የአምፑን ውጤት በኮምፒውተር መቅረጫ መስመር መቅዳት ነው፦ ያንኑ ዘፈን፣ በዚያው መጠን፣ በሁለቱም ቱዩብ። ከዚያ ወንድም ወይም እህት ካለሽ ፋይሎቹን ስም ቀይረው አደባልቀው ይስጡሽ። ሳታውቂ እየመረጥሽ ያንኑ ደጋግመሽ ካገኘሽ፣ ልዩነቱ አለ፤ ገንዘብሽን አውጪ። ካላገኘሽ አጎትሽን በትሕትና አመስግኚውና ያለሽን ይዘሽ ቀጥዪ።

ስለምታዳምጪው ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል፤ ከቱዩቡ ይልቅ ብዙ የሚወስነው እሱ ነውና። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ ኩባንያ ሲከፍትና እሱን ተከትሎ ካይፋ የተባለው ኩባንያ ሲመጣ፣ የሚቀዳው ባንዱ ሙሉውን በአንዴ እየተጫወተ፣ በጥቂት ማይክሮፎን ነበር። የዚያ ዘመን ዘፈን የሚሰጥሽ ያንን የቀረጻ ክፍል ነው። ዛሬ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን በብዙ መንገድ ነው። የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 እ.ኤ.አ. በሸክላ ወጣ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ቤልጅግ ውስጥ ታተመ፤ ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ በ1990 ዓ.ም ገደማ ሲጀመር የዚያ ትውልድ ሥራ እንደገና ተጣርቶ ወጣ። መርካቶ የተገለበጠ ካሴት፣ ከካሴቱ የተገለበጠ ሲዲ፣ ከሲዲው ተጨምቆ ስልክ ላይ የተጫነ ፋይልም አለ፤ ሁሉም ስሙ ያው ነው። ከነዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ስሚያቸው፤ ቱዩብ ሊያደርገው የማይችለውን ልዩነት እዚያ ታገኛለሽ። የኃይሉ መርጊያ ደግሞ ለብቻው ነው። ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን አጅቦ ብቻውን የሠራው የ1985 እ.ኤ.አ. ካሴት፣ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካገኘው በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ ታትሞ ዓለምን ዞረ። የካሴት ሹክሹክታው፣ የከፍተኛው ድምፅ መለስለስ፣ የሥራው አካል ናቸው። በብዙ መቶ ዶላር የተገዛ የቴሌፉንከን ቱዩብ አያወጣውም፤ ማውጣትም የለበትም። እማሆይ ላይ ግን፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 21 ላይ፣ ቱዩብ ለመፈተን ምቹ ሁኔታ አለ፦ አንድ መሣሪያ፣ ረዥም የሚዘገይ ድምፅ፣ በመካከሉ ብዙ ዝምታ። ሹክሹክታ ያለው ቱዩብ እዚያ ዝምታ ውስጥ ራሱን ያጋልጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግዢ ካልሽ፣ በእኔ እምነት አንድ ጥንድ ይበቃሻል። ስሎቫኪያ ውስጥ ጄጄ የሚባለው ፋብሪካ ዛሬም የኢሲሲ88 ቤተሰብ የሆነውን ኢ88ሲሲ ይሠራል፤ አንዱ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል፣ አዲስ ነው፣ ሹክሹክታው ዝቅተኛ ነው። ሁለተኛው ምርጫ የሶቪየት ዘመን 6ኤን23ፒ ነው፤ ካሉጋ ያለው ቮስኾድ ፋብሪካ የሠራው ላይ የሮኬት ምልክት ታያለሽ። የቀድሞ ክምችት ስለሆነ ዕድሜውን ሻጩ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሩሲያ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ቱዩብ ወደ ውጭ መላክ ከከለከለች ወዲህ የአዳዲሶቹ ዋጋ ሰው ካሰበው በላይ ወጥቶ ነበር፤ አሁንም ከሚታመን ሻጭ ካልሆነ አትግዢ። ቴሌፉንከን፣ ሲመንስ፣ አምፔሬክስ የሚሉትን ተዪያቸው። ጥሩ ስላልሆኑ አይደለም፤ ላንቺ ድብልቅ አምፕ ዋጋቸው ከአምፑ ዋጋ ስለሚበልጥ ነው። ማጭበርበሩም እነሱ ላይ ነው የሚበዛው፦ በብርጭቆው ላይ ያለው ጽሑፍ በአውራ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ቀለም ነው፣ አጥፍቶ ሌላ ስም ማተም ቀላል ነው። እውነተኛ ቴሌፉንከን ከእግሮቹ መካከል፣ ከታች በብርጭቆው ላይ የተቀረጸ የዳይመንድ ምልክት አለው።

የትኛውንም ስትገዢ አናቱን ተመልከቺ። ከላይ የተቀባ የሚመስለው ብርማ መስተዋት ጌተር ይባላል፤ በፋብሪካው ባሪየም ተቃጥሎ የተጣበቀ ነው፣ ሥራው የቀረችውን ጥቂት አየር መምጠጥ ነው። ብርማ ወይም ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቶበታል፣ በነጻም ቢሰጡሽ አትውሰጂ። የአምፕሽ ክሮች በተከታታይ የታሰሩ እንደሆነ ደግሞ ሁለቱም ቱዩብ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱን ጄጄ ሌላውን ቻይና አታድርጊ። ኢ88ሲሲ ሲሠራ ታስቦለት የነበረው ዕድሜ 10 ሺህ ሰዓት ነው፤ በቀን ሦስት ሰዓት ብታዳምጪ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይሄዳል። «ቱዩብ በየዓመቱ ይቀየራል» የሚለውን አትስሚ፤ ያ ለጊታር አምፕ የተነገረ ነው።

አጎትሽ ቀጥሎ ሌላ አምፕ ላምጣልሽ ካለ፣ ይህን አስቀድመሽ ንገሪው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ እኛ 220 ነን። አሁን ያለሽ አዳፕተር ላይ 100–240 የሚል ካለ ሰላም ነሽ፤ የመብራት ውጣ ውረዱንም ውጦ ለአምፑ ያው 24 ቮልት ይሰጣል። ውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር ያለበት አሜሪካ ሥሪት ግን በቀጥታ ከተሰካ ሳትሰሚው ይቃጠላል። ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም 60 ኸርዙን አይሰጠውም፤ በ50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል። እኛ ሰፈር ደግሞ 220ው አንዳንድ ማታ ወደ 180 ይወርዳል፤ እንዲህ ባለ አምፕ ላይ 6.3ቱ ክር 5.2 ገደማ ብቻ ያገኛል፣ ድምፁም ይዝላል። ስታብላይዘር የግድ ነው። መብራት ሲሄድ አምፑን ንቀዪው፤ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቀሽ ነው የምትሰኪው። ሌላም አለ፦ ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንሳል። ቱዩብ ያለበትን ዕቃ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስገቢ፣ ከላዩ ላይ ዳንቴል አታልብሺ።

ወደ ግራው ቻር ቻር ልምጣ። ሳታጠፊ ምንም አትንኪ። አጥፊ፣ ነቅለሽ አሥር ደቂቃ ጠብቂ፣ ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ቱዩቦች ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢያቸው፤ ወዲያ ወዲህ ብታደርጊም በጥቂቱ፣ ብርጭቆው የሚሰነጠቀው እግሩ ሥር ነው። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አድርገሽ መልሰሽ ስኪ። በ1ኛውና በ9ኛው እግር መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፣ በእሱ ተመሪ። ጫጫታው አብሮ ወደ ቀኝ ከሄደ ጥፋቱ የቱዩቡ ነው፤ በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብለሽ ስታንኳኪው ጆሮሽ ውስጥ የደወል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ውስጡ የላላ ነገር አለ፣ እሱኑ ቀይሪ። ጫጫታው ግራ ላይ ከቀረ ቱዩብ መግዛትሽን አቁሚ፤ ጥፋቱ ሶኬቱ፣ የሄድፎኑ መሰኪያ ወይም ድምፅ መቆጣጠሪያው ነው። ድምፅ መቆጣጠሪያውን ስታዞሪ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ አቧራ ነው፣ አጥፍተሽ በኮንታክት ክሊነር እየረጨሽ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመሽ አዙሪው። የቱዩቡን እግሮችም በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጊያቸው። ቻር ቻሩ በየጥቂት ደቂቃው፣ ስልክሽ መልእክት ሊቀበል ሲል የሚመጣ ከሆነ ግን ምንም አትንቀዪ፤ ስልኩን ወደ ሌላው ጠረጴዛ አድርጊው።